ሽንኩርት የተሰጣበት አዳራሽ

ዳይሬክተር የሆንኩት ወፍጮ ቤት ሄጄ ነው።

ትምህርት ቤታችንን ያቋቋሙት ኩዌከር የሚባሉ የውጭ አገር ክርስቲያኖች እጅ አውጥቶ መምረጥ አያውቁም። ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል፣ መንፈስ የቀሰቀሰው ተነስቶ ይናገራል፣ የሚቃወም ከጠፋ ነገሩ ጸደቀ ማለት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የቀድሞው ዳይሬክተር ወደ ዘመዶቹ ሄዶ ቀረና ስብሰባ ተጠራ። እኔ ያኔ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በርበሬ ላስፈጭ ወጥቻለሁ። ስመለስ ሹመቴን የሚቃወም አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት እኮ በልጄ ደብተር ነው ብዬ ብማጸን ሽማግሌው ዘበኛችን፣ "በይ እንግዲህ፣ በልጅሽ ደብተር ምሪን!" አሉኝ።

ግቢያችን ከአዳማ ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኛ ስለ ሰላም ስናስተምር ወታደር የጫነ ካሚዮን በአጥራችን ሥር ያልፋል፤ መደመር ያቃተው ልጅ እንኳ ካሚዮን ሲቆጥር አይሳሳትም። ጦርነቱ ሲረዝም ከውጭ የሚላክልን ድጋፍ ቀጠነ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት እናቶች ከሥራ ተቀነሱ። ገበሬዎቹ ወላጆች ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ሽንኩርታቸው ገዥ ሲያጣ፣ ለልጆቻቸው ክፍያ ብለው በጆንያ በጆንያ አመጡልን። እንዴት እምቢ ይባላል? የሒሳብ መምህራችን ደመወዙን በጋሪ ጭኖ ወደ ቤቱ የሄደ የመጀመሪያው ምሁር ሆነ።

የተረፈው መበስበስ ሲጀምር፣ "ከትፈን እናድርቀው" አልኩ። ሥጋ ቋንጣ ከሆነ ሽንኩርት ምን አነሰው? አንድ ቀን ልጆቹን ከሸኘን በኋላ፣ መምህር ሳይል ዘበኛ ሳይል ሁላችን የከተፍነውን ግቢው ውስጥ አሰጣን። ዝናብ መጣ። እየተሯሯጥን አዳራሽ አስገብተን የኋላ ወንበሮቹ ላይ ዘረጋነው፤ አንሶላ አለበስነው፤ መስኮቶቹን ዘጋን።

ይሄኔ እንግዳው ደረሱ። ከኩዌከሮቹ ተልከው ከናይሮቢ የሚመጡትን አዛውንት የጠበቅናቸው ለማግስቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ከተዘጋ የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን ሚኒስትሪ ሳይፈተኑ ሊበተኑ ነው። እጃችንን ጨብጠው ሲያበቁ፣ "በቅድሚያ በዝምታ እንቀመጥ" አሉ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ተረጎመ።

አዳራሹ ውስጥ፣ የፊት ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ የጽዳት ሠራተኛዋ እንባ ወረደ። የሒሳብ መምህሩ ተከተለ። ዘበኛው ዓይናቸውን በፎጣቸው ጫፍ ያዙ። እኔማ ንፍጤም አልቀረልኝ። እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጉንጫቸው ርሷል። ተነሱና ተናገሩ፦

"በብዙ አገር በዝምታ ተቀምጫለሁ። መንፈስ ሁሉንም ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲነካ ግን አላየሁም። ይህ ትምህርት ቤት አይዘጋም።"

የሒሳብ መምህሩ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "እትዬ፣ ዝም ይበሉ። እግዜር በሽንኩርት ቢሠራ እርስዎን ምን ቸገረዎት?"

ዘበኛው ማንሾካሾክ አይችሉበትም። ሲቆጡ "ኢንተላ ኮ" ነው የሚሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ እንደማለት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጆቹን አትዋሹ ስትይ አይደል እንዴ ዓመቱን የጨረስሽው?"

ተነሳሁ። "አባቴ፣ ያስለቀሰን ሽንኩርት ነው።"

የእንግሊዝኛ መምህሩ ተረጎመ፤ ረጅም ነገር ተረጎመ። እንግዳው ይብሱን አለቀሱ። ሽንኩርት በእንግሊዝኛ ይህን ያህል እንደማይረዝም ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ወደ ኋላ ሄጄ አንሶላውን ገለጥኩና አንድ እፍኝ አምጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

አዩት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ አፍንጫዬ አያሸትም" አሉ። "ባለቤቴን የቀበርኳት ያኔ ነው። አላለቀስኩም። ዛሬ ገና እንባው መጣልኝ ብዬ ነበር።"

ይህችን እንኳ መምህሩ በትክክል ተረጎማት፤ ምነው እሷንም ባጣመማት! ሐቅ እናገራለሁ ብዬ የሐዘንተኛ እንባ ቀማሁ። የምገባበት ጠፋኝ። ዘበኛው ቢያንስ አየር ይግባ ብለው መስኮት ሊከፍቱ ተነሱ።

"አይከፈት" አሉ እንግዳው። "ሰዓታችን አላለቀም።"

ተመልሰን ተቀመጥን፤ አሁን ሁላችንም እያወቅን። እሳቸው እፍኙን ሽንኩርት ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ያለ መነጽር፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ለቀቁት። ማንም አላየኋቸውም አላለም፤ ማንም አየኋቸውም አላለም።

ሲሄዱ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ነገር ሳይናገሩ መኪና ውስጥ ገቡ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ድጋፉ እስከ ፈተናው ድረስ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አንገባም። ልጆቹ ተፈተኑ። ደብዳቤው ላይ፣ ከእንግዳው ፊርማ ሥር፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ከዚያ ሽንኩርት የተረፈ እንዳለ ጠይቀውኛል።

አንድ ፌስታል ሙሉ ላክሁላቸው። ሽንኩርት ከደረቀ ግን አያስለቅስም። ይህንንም ጻፍኩላቸው።