ያንድ እግር ውፍረት

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ከሆዴ ጎን ያችን ቀጭን ቱቦ ስቦ ሲያወጣት፣ እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷ "እናቴ፣ ሆስፒታል እኮ ነው!" ብትላት ወይ ፍንክች!

ለማታውቁ፦ ሞጣ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት አንድ ኩላሊቷን ሰጥታኛለች።

ቢቸና ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ቀኝ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጠያቂው ሁሉ "እሰይ፣ ወፈርክ!" ይለኛል። እኔም እንደወፈረ ሰው ፈገግ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። "የሰጠሽኝ ኩላሊት እምቢ አለ" ብዬ እንዴት ልንገራት?

እሷ ግን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ማሰር ያቃተኝን የቀኝ ጫማዬን አየችና "ያንድ እግር ውፍረት የት አገር ነው?" አለች። በማግስቱ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ "ኩላሊቱ ደህና ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አጠገቡ የተጠራቀመ ፈሳሽ የደም ሥሩን ተጭኖ ነው እግሩን ያሳበጠው" አለን። እኔ እንደገና ሆዴ ሊቀደድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን በመርፌ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ፣ ፈሳሹን ቀን በቀን እያስወጣ አደረቀው። እጁ ይባረክ! ዛሬ ሁለቱንም ጫማዬን አሰርኩ።

ስንወጣ ለምን እንደደበቅኳት ነገርኳት። ቆም ብላ አየችኝና "ኩላሊት ሰጠሁህ እንጂ ይሉኝታ ሰጠሁህ?" አለችኝ።

እናንተስ፣ የምትወዱትን ሰው ላለማሳዘን የደበቃችሁት ሕመም አለ? ጻፉልኝ። ከኔ በፊት ግን ለዚያ ሰው ንገሩት።