ድንበር ላይ ያለ ስኳር

ጎንደር ያለው ሐኪም ባለቤቴን «ስኳርዎ ድንበር ላይ ነው፤ ገና አልተሻገረም» ሲለው ሰውየው ሳቀ። መተማ ተወልዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ስለ ድንበር ሌላ ሰው ሊነግረው ነው! እኔ ግን አልሳቅሁም። አማቴን ስኳር መጀመሪያ እግራቸውን አስቆረጣቸው፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን ወሰደ፤ ኋላም ቀበርናቸው።

ባሌ እንደ ሱዳኖቹ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አምስት ማንኪያ ስኳር ይጨምር ነበር። «አንተ የምትጠጣው ስኳር ነው፤ ሻዩ ለቀለም ነው» እለው ነበር። ከሐኪሙ በኋላ በግድ ወደ ሁለት አወረድሁት።

በዚያ ሰሞን እዚሁ መተማ ሆስፒታላችን ውስጥ አንዲት ወላድ ደም ፈሷት፣ ደም የሚሰጥ ጠፋ። ባሌ ሰምቶ ሄደና ክንዱን ዘረጋ። ከወር በኋላ ጎንደር ሄዶ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ ሲያደርግ ውጤቱ ወርዶ ተገኘ።

«ከደሙ ጋር ወጣ!» እያለ ገባ። እኛ በዋግምት ያደግን ሰዎች ነን፤ መጥፎ ደም ሲወጣ በሽታውም አብሮ ይወጣል ብለን እናምናለን። ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔም አምኜ፣ በገዛ እጄ አምስት ማንኪያ ጨመርሁለት። አሁንም ሳስበው እጄን እታዘበዋለሁ።

ወሬውን የሰማችው የሆስፒታላችን የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። «አባባ፣ ደም ከሰጡ ገና ወር ነው?» አለችው። «ያ ምርመራ የሚያየው በደምዎ ላይ ከርሞ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ከከረመው ደም ሰጡ፤ የተተካው አዲስ ነው፣ ገና ስኳር አልጠገበም። ቁጥሩ ወረደ እንጂ ስኳርዎ አልወረደም ይሆናል። ሦስት ወር ያህል ይቆዩና ደም መስጠትዎን ለሐኪሙ ነግረው ይመርመሩ።» በማግስቱ በባዶ ሆዱ ጣቱን ወግታ አየችው፤ እዚያው ድንበሩ ላይ ነበር።

ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ የስኳሩን ቆርቆሮ አንስቶ ለጎረቤት ሰጠ። መራራ ሻይ እየጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ እየሄደ ሦስቱን ወር ጨረሰ።

ወደ ጎንደር ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከወሎ ለአጨዳ የመጣ ሠራተኛ እግሩን ማሽን ቆርጦት ደም እየፈሰሰው ሆስፒታላችን ገባ፤ ደም ሰጪ ተፈለገ። ባሌ ጫማውን ሲያጠልቅ ገባኝና ጮህሁበት፦ «ቁጥሩ ዳግም ሊዋሽህ ነው! ስንት የለፋህበት!»

«አንች፣ ጎንደር ይጠብቀኛል» አለ። «ይኸ ሰው ግን አይጠብቅም።»

ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው ደሙን ሰጥቶ፣ እንደገና ሦስት ወር መራራ ሻይ ጠጣ። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ መኖሬን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ተመረመረ። በጣቱም በክንዱም ወርዷል፤ የእውነት ወርዷል። ደስ ብሎኝ አንዲት ማንኪያ ስኳር ከጎረቤት ለምኜ መጣሁ። ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው።

«ተይው» አለኝ። «ነገም ደም የሚሻ ይመጣል፤ ይኸ ደም የሰው ነው እኮ።»