ማሽን አይምልም

ወልቂጤ የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጽፍም፤ የነበሩት ያውቁታል። የኔትወርኩ ሥራ የእኔ ነበር። ኢንተርኔቱ ከሰዓት ከሰዓት መቋረጥ ሲጀምር፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ከጀርባችን ላለው ሻይ ቤት ሰጥታለች ተብሎ ተወራብኝ። ነገሩ ካልጠራ ከቦታዬ እንደሚያነሳኝ አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ባሌ በዚያው ከተማ የአልጋ ቁራኛ ነበር። የትም መሄድ አልችልም።

የኔትወርክ መመርመሪያው ፕሮግራም ዋናው ኮምፒዩተር ላይ ድሮም ነበር። በመስመሩ የሚያልፈውን መረጃ የሚይዝለት ተጨማሪ ፕሮግራም ስላልተጫነለት ግን ባዶ ገጽ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ያንን በስልኬ ዳታ አወረድኩ፣ በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ያኔ ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ይወርዱ ጀመር። መስመሩን የሚጨርሰው አንድ ኮምፒዩተር ነው፤ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው የባልደረባዬ። ወንድሙ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ በሰው ስልክ ላይ ፊልም እየጫነ ይሸጣል። ፊልሙን እሱ የሚያወርድለት ለካ በእኛ ቢሮ ኢንተርኔት ነው።

አለቃዬ ያገኘሁትን ሊሰማ አልፈለገም። አንጋፋ ሠራተኞችን ለሽምግልና አስቀመጠ። በዚያ አገር ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። እኔ ቡታጅራ ብድግም ከሰሜን የመጣ መምህር ልጅ ነኝ፤ ቤታችን መሐላ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

«እህቴ፣» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የመስቃን ጉራጌ የሆኑት፣ «የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጠሁም ብለሽ ማይና እንገላገል።»

«ለምን እምላለሁ? ስክሪኑን ይዩት እንጂ።»

«ማሽን አይምልም።»

«አይዋሽምም።»

አጠገባቸው የነበረው ሰው የሚወርዱትን ቁጥሮች ትክ ብሎ አየ። «ይሄ ነገር እኛ የምንልከውንም ይይዛል?»

የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑን ያየ የለም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነበር።

ባልደረባዬ ተነሥቶ በልጆቹ ማለ። በልጆቹ የማለ ሰው አይጠረጠርም። አልምልም ያለች ሴት ደግሞ በራሷ ላይ ፈርዳለች።

ደጋው ላይ ወዳለችው አረቅጥ ከተማ ተዛወርኩ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ የክፍሉን ቁልፍ ለባልደረባዬ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ሳጠፋው ከኋላዬ ቆሟል።

«በልጆችህ ማልክ፣» አልኩት።

«በሐሰት አልማልኩም እኮ፣ እትዬ። የይለፍ ቃል ሰጥተሃል ወይ ነው ያሉኝ። አልሰጠሁም። ስለ ፊልም ማን ጠየቀኝ? እርስዎም ያንኑ ብለው ቢምሉ ኖሮ እዚሁ ነበሩ።»

ይህን የነገረኝ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው።

ባሌን ለእህቱ ትቼ ወደዚያ ብርድ ሄድኩ። ያረፈ ዕለት መንገድ ላይ፣ አገና ከተማ፣ ወልቂጤ የሚሄድ ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነበር፤ አልደረስኩበትም። ባልደረባዬ ለቅሶ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። አሜን አላልኩም።