በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ልጅ እያለሁ፣ በግንቦት ልደታ ቀን፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ብሎክ ጀርባ የነበሩትን በስም ልጥራ፦ እናቴ፤ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፤ ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ፤ ንፍሮውን ሊባርኩ የመጡት የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት፤ በዚያው ዓመት አራተኛ ፎቅ የገቡት እትዬ በላይነሽ፤ ልጃቸው ምሕረት፤ እና እኔ። ሰባት ነን። ሌላው ቆንጥሮ የሄደ ስለሆነ አልቆጥረውም።

እትዬ በላይነሽ ከልደታ ማርያም በታች ሸክላ ይሸጡ ነበር። ሸክላውን የሚሠሩት እህቶቻቸው መሆናቸው እንደታወቀ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተባለ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ፣ የእናቴ ሽሮ የሚንተከተከው ከእሳቸው በተገዛ ድስት ነበር። የእትዬ አስካለም እንዲሁ። የዚያን ቀን ንፍሮ ራሱ የተቀቀለው ከእሳቸው በተገዛ ትልቅ የሸክላ ድስት ነው። ድስታቸውን መግዛት አያስፈራም፤ ከእጃቸው መብላት ግን ያስፈራል። ይህን ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ምሕረት የክፍሌ ልጅ ናት፤ ክፍልፋይ የገባኝ እሷ አስረድታኝ ነው። እያስረዳችኝም እናቴ ኪሴ የከተተችውን ጤና አዳም እጨብጥ ነበር።

ሰማዩ አጉረምርሟል፤ የባቄላው እንፋሎት ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ይመጣል። እትዬ በላይነሽ የራሳቸውን ንፍሮ በሰማያዊ ትሪ ይዘው ወረዱ። ጋሽ ደምሴ ያልጮኸ ስልክ አነሱ። እትዬ አስካለ ደህና የሚነድ እሳት ይቆሰቁሱ ጀመር። እናቴ ገና ምንም ሳትቀምስ ጠግቤያለሁ አለች። እትዬ በላይነሽ ትሪውን እንደያዙ ቀሩ። ምሕረት እናቷን አየች፤ ከትሪው በሳህን ቀንሳ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ እንኳ ብላላት» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

ግንቦት ልደታ ሁልጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህን እኔ የሰንበት ተማሪው አሳምሬ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች።

አባ ሰሙኝ። «የምን ጾም ነው ልጄ? እኔ ያልሰማሁት አዋጅ ወጣ?»

እትዬ አስካለ ልጅ ነው ይለፉት ብለው ሊያበርዱ ሞከሩ። አባ ግን ልጅ ካየው ውጭ ከየት ያመጣዋል ብለው አፋቸውን አስዘጓቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለፈው እሑድ አንተም እሷም ቆርባችኋል። ከአንድ ጽዋ፣ በአንድ እርፈ መስቀል። እሱ ያልጎዳህ ንፍሮዋ ይጎዳሃል?»

መልስ አልጠበቁም፤ ከትሪው ዘግነው ባርከው በሉ። እኔ ግን ስለ እርፈ መስቀሉ አሰብኩ። በሁለታችንም አፍ ሲገባ አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም። ታዲያ የማምነው የትኛውን ነው? ቅዳሴውን ወይስ የደረጃ ላይ ወሬውን? ጤና አዳሙን መሬት ጣልኩና በላሁ። ጨው በዝቶበታል። ሆዴን ይቆርጠኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ከእኔ በኋላ ትልልቆቹ አንድ በአንድ ቀረቡ። እትዬ አስካለ እጅዎ ይባረክ ብለው ሁለቴ ዘገኑ፣ ሐሳቡ የእሳቸው ይመስል።

ዛሬም በዚያው ብሎክ ነኝ። አዲስ ተከራይ ሲመጣ አሁንም ከስሙ በፊት ዘሩ ይጠየቃል፤ ጠያቂዎቹ ደግሞ በየሳምንቱ የምናስቀድሰው ነን። ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የሚነገረን?

እነ ምሕረት ከለቀቁ ቆይተዋል። የትሪውን ቀለም አስታውሳለሁ፣ የጨውን ብዛት አስታውሳለሁ። ምሕረትን ይቅርታ መጠየቄን ግን አላስታውስም። እናቴ ስጠይቃት «ልጅ አልነበርክ እንዴ» ትለኛለች፤ ይህ መልስ አይደለም። እዚያ የነበራችሁ፣ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። ምሕረት፣ አንቺ በተለይ፤ ጠይቄሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ካልጠየቅኩሽም ንገሪኝ።