ዶሮዎቼ የሚጠጡበት የጠፈር ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጫልቱ ከአዳማ ደወለች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማራለች። ነገሌ ዝናብ ጥሎ ከበራችን ፊት ያለው ቀይ ጭቃ ጫማ የሚያስወልቅ ሆኖ ስለነበር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዶሮዎቼን እያየሁ አነጋገርኳት። ስለ መመረቂያ ጥናቷ ነበር የምታወራኝ። ሙጫ የጠጣ ጨርቅ አጣጥፈው በሮኬት ወደ ጠፈር ይልካሉ አለችኝ። እዚያ ሲደርስ በአየር ተነፍቶ ይዘረጋል፤ ከዚያ የፀሐይ ብርሃን ሙጫውን ያደርቀውና ጠንካራ ምሰሶ ይሆናል።

«ችግሩ ምን መሰለህ አባዬ፣ ጥላ ያረፈበት ጎን ቶሎ አይደርቅም። ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ከየት ታውቃለህ?»

«ዶሮዎቼ ውሃ የሚጠጡበት እሱ አይደል።»

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ከጎጃም ወደ ነገሌ ጦር ሰፈር የመጣ አሥር አለቃ ነበር። ጦሩ ሲበተን እሱ ቤት ዋለ፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ዋልኩ። ሁለት ሥራ ፈት ወንዶች አንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ እናት ምን እንደምትሆን ያየ ያውቀዋል። ደግነቱ ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ አቀላጥፌ ለምጄው ስለነበር፣ አንድ የውሃ እርዳታ ድርጅት በአስተርጓሚነት ቀጠረኝ። አለቃዬ አቶ መኮንን የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የውሃ ታንከር ጠጋኝ ነበሩ። የእሳቸው ኦሮምኛ «አካም» ብሎ በሰላምታ ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

የበጋው መጨረሻ ነበር። ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ጥልቁ ጉድጓድ ተደርምሶ ወንዶቹ አፈሩን እያወጡ ነበር። ጉድጓዱ እስኪጠረግ ድረስ ሰዉም ጥጃውም የሚጠጣው መኪና እያመጣ በአንድ የፋይበር ታንከር ውስጥ ከሚገለብጠው ውሃ ነው። ያ ታንከር ከሥሩ ተሰነጠቀ። ወሬው ሲደርሰን መኪናው ሊመጣ የቀረው ሁለት ቀን ነበር፤ የሚገለብጥበት ካጣ ወደ ሌላ መንደር ይዞ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግራቸው የለም።

ከነገሌ ተነስተን ዋጭሌ ላይ የፍየል ጥብስ በልተን አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስንደርስ አገሩ በአቧራ ነጥቷል። ደርቀው የቆሙት ግራሮች ግን ያለ አንድ ቅጠል አብበው ነበር፤ ሽታቸው መኪናው ድረስ ይገባል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ዝናብ ባይመጣ እንኳ የሚያምን ዛፍ አለ ማለት ነው።

አቶ መኮንን ይዘውት የመጡት መጠገኛ በጥቁር ላስቲክ የታሸገ፣ ሙጫ የጠጣ ጨርቅ ነበር። ያለን ሁለት ብቻ ነው። «ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው» ብለውኝ ስንጥቁን ሊፍቁ ታንከሩ ሥር ገቡ። በቦረና ወደ ውሃ የሚቀርብ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የጉድጓዱ አባት ያየዋል፣ ይመርቀዋል። የጉድጓዱ አባት ኦቦ ሊበን ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ላስቲኩ ለምን ጥቁር እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና መልሰው ተቀበሉት፤ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን መሐሉ ላይ አሳርፈው መመረቅ ጀመሩ።

«ይህ ውሃ ነጋ ይሁን።»

«ነጋ» አልን ሁላችንም፤ ሰላም ማለት ነው።

«ለልጅ ይድረስ፤ ለልጅ ልጅ ይድረስ።»

«ነጋ።»

ምርቃት አይቋረጥም። የዝናቡን፣ የላሙን፣ የመንገዱን፣ የሹፌራችንን ሳይቀር መረቁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጨርሰው እጃቸውን ሲያነሱ ጨርቁ በጉልበታቸው ቅርጽ ጎብጦ እንደ ሳህን ደርቋል። ለስላሳ የቀረው መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው፤ አምስቱ ጣቶች ሰምጠው ይታያሉ።

አቶ መኮንን ከታንከሩ ሥር ወጥተው አዩት። ሌላኛውን ጨርቅ ከነላስቲኩ ብብታቸው ሥር ወሽቀው «ይሄን ማንም አይነካውም። ለጥፌ ልጨርስ፣ ከዚያ ይመርቁት» አሉ።

ተረጎምኩ። አዴ ሎኮ የሚባሉ፣ ልጆቻቸው ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፍሩላቸው እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ያልተመረቀ ነገር የያዘውን ውሃ ማን ይጠጣል?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ማንም የሚያውቀውን ነገር እንደሚነግሩኝ ነው። ጭንቀት ያዘኝ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ መሐል የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኦቦ ሊበን የደረቀውን ሳህን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ጸሎቴ እንዲህ ቶሎ ሠርቶ አያውቅም» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። «የሚያደርቀው ፀሐይ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ፀሐይ የለም። እዚያ እመርቀዋለሁ።»

ወረድን። አቶ መኮንን ጨርቁን ሳይለቁ፣ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ ተከተሉን። ከታች ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው በጨለማው ውስጥ «ነጋ» ሲሉ ድምፁ ከመሬቱ የሚወጣ ይመስል ነበር። አቶ መኮንንም «ነጋ» አሉ። ከ«አካም» ቀጥሎ ያወቋት ሁለተኛ ቃል እሷ ነች።

በብርድ ልብስ ጠቅልለን አወጣነው። ታንከሩን ባዶውን በጎኑ አስተኝተን፣ ሴቶቹ ከላያችን ሸራ ወጥረው ጥላ እንደሠሩልን ለጠፍነው። ሸራው ሲነሳ ፀሐይዋ ወረደችበት። እስኪደርቅ ስንጠብቅ አቶ መኮንን እንዲህ ያለውን ጨርቅ አጣጥፈው ጠፈር ላይ ሊዘረጉት የሚያስቡ ሰዎች እንዳሉ ነገሩን። አዴ ሎኮ ምንም አልደነቃቸውም።

«እኛስ ቤታችንን አጣጥፈን በግመል ጭነን አይደል የምንሄደው? የደረስንበት እንተክለዋለን» አሉ። ቀጥለው ግን «እዚያ ላይ ግመሉ ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላቸውም።

በማግስቱ መኪናው መጣና ገለበጠ። ማንም አልተጠጋም። አዴ ሎኮ ብቻ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው የታንከሩን ሥር አበሱና መዳፋቸውን ለሰዉ አሳዩ። ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ጥጃዎቹ ተለቀቁ። እኔ ዘወር ብዬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ቤት ከዋልኩ ጀምሮ ለአንድ ነገር ስጠቅም የመጀመሪያዬ ነበር። ዓመት ሳይሞላ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ።

የተበላሸውን ጨርቅ ኦቦ ሊበን ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው አሁን የሉም። እኔም በክብር አላስቀመጥኩትም፤ ውሃ ስለማያሾልክ ለዶሮዎች ሰጠሁት።

ትናንት አጥቤ አደረቅሁት። ዛሬ በአዳማ አውቶቡስ ልልከው፣ በልማድ ጥቁር ላስቲክ ፈልጌ ስጠቀልለው ድንገት ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። ይኼኛው ፀሐዩን ጠግቧል። በግልጡ ለረዳቱ ሰጠሁት። ጫልቱ ጥላ ያረፈበት ቦታ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጋ አልነበር? አምስት ጣቶች ታገኝበታለች። የዚያን ቀን ምርቃት በከንቱ የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። «ለልጅ ይድረስ» ያሉት ግን በዚህኛው ላይ ነው።