ጋሽ አለማየሁ ቅባት የረሱበት ቀን

ጋሽ አለማየሁ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ኦሮራ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ስልኩ ሲደወልልኝ እየነዳሁ ነበር፤ ሎውሪ አካባቢ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ዴንቨርም ሴንቴኒያልም ያላችሁ ወዳጆቻቸው በየራሳችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ፤ እኔ የማስታውሳቸው ጋራዣቸው ውስጥ ነው።

ዴንቨር መሃል ባለ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ እዚያ ስቀጠር ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደስታቸው ዒላማ መተኮስ ሆነ። ጥይት ከየሱቁ በጠፋበት ዓመት የተተኮሰ የጠመንጃ ቀለህ እየሰበሰቡ ቤታቸው ባሩድና እርሳስ እንደገና መሙላት ጀመሩ፤ እኔንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠሩኝ ነበር።

ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጣል። ወደ ልኩ እንዲመለስ በእጅ መጭመቂያ ጠባብ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገፋል። ቅባት ካልነካው እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። እኔ በሁለተኛው ቅዳሜ ቸኩዬ አንዱን አጣበቅሁ። እጀታውን በጉልበት ስስበው የቀለሁ ጠርዝ ተቀደደ፤ አካሉ ውስጥ ቀረ። መዶሻ ሳነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ብርሃኑ፣ ብረቱ ምን አደረገህ?»

ቅርጹን ፈተው፣ ቀለሁን ከታች በመሰርሰሪያ በስተው፣ ለቀዳዳው የብሎን ጥርስ አውጥተውለት፣ ብሎን አስገብተው ቀስ እያሉ ሳቡት። ወጣ። አልተቆጡኝም። ሌላ ቀለህ አንስተው ቆሻሻውን ጠረጉ፤ ጣታቸውን ቅባት አስነክተው ዙሪያውን በስሱ አሹት። «ሲበዛም ቀለሁን ያጎደጉደዋል። ሲከብድህ አትግፋ፤ መልሰህ አውጣና እንደገና ቀባ» አሉኝ።

እሳቸው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም አጣብቀው አያውቁም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ስገባ ያየሁት አስደነገጠኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መጭመቂያው ላይ ቀለህ ተቀርቅሮ ቀርቷል። አጠገባቸው የተደረደሩት ሁሉ ደረቅ ናቸው፤ የቅባቱ ቆርቆሮ ክዳኑ አልተከፈተም።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አሁን አወጣዋለሁ።»

«እሱስ ይወጣል» አሉ። «ዛሬ ቅባት ረሳሁ፤ የተበላሸው አንድ ቀለህ ነው። ነገ ባሩድ መጨመሬን ረስቼ ብደግመውስ? ጠመንጃው ይፈነዳል፤ ያንን ጥይት የምትተኩሰው እኮ አንተ ነህ።»

«ሰው ይረሳል።»

«ትናንት የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጠፋኝ። ለአሰገደች አልነገርኳትም።»

ቀለሁን አብረን አወጣነው። ከዚያ የባሩዱን ዕቃ አንስተው ሰጡኝና ወደ ኩሽና ገቡ። እሁድ እሁድ መኪና የሌላቸውን ሦስት እናቶች ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። የመኪናውን ቁልፍ እትዬ አሰገደች ፊት አኖሩና ሁሉንም ነገሯቸው። እትዬ አለቀሱ።

«በይ እንግዲህ አሰጉ፣ ከአሁን ወዲያ አንቺ ንጂልን» አሉ ጋሽ አለማየሁ። «ግን እንደ ወትሮሽ አትሩጪ፣ እናቶቹ ይፈራሉ።» እትዬ እያለቀሱ ሳቁ።

ሐኪሙ የፈሩትን አረጋገጠላቸው። እሳቸው ግን ቅዳሜን አልተዉም፤ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይከታተሉ ነበር። ስሜ በጠፋባቸው ጊዜ እንኳ፣ እጀታውን ከመሳቤ በፊት «ቀባኸው?» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ሲረሱ አይቼዎታለሁ፤ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሲጠይቁኝ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ መልሼልዎታለሁ። አክብሮት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት ነው። እኛ ልንነግርዎ ያልደፈርነውን እርስዎ ራስዎ ተናገሩ፤ ባሩዱንም ቁልፉንም ማንም ሳይቀማዎ ሰጡ። ከእኛ መካከል ማንም እንዳይጎዳ ብለው ከሚወዱት ሥራ ተነሡ።

እንግዲህ ደህና ይሁኑ ጋሼ። ምንም የማይረሳ አምላክ ይቀበልዎ።