ከሱቁ በር ቀለም ሥር

ዛሬ ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ከባህል ጽሕፈት ቤት የመጣች ወጣት የቀለም ናሙናዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ የሆሳዕናው አሮጌ መድፍ እንደገና ሊታደስ ነው፤ ትክክለኛ ቀለሙ የትኛው ነው? መጨረሻ ያደሱት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለችኝ። ተነሥቼ ከመሳቢያዬ አንድ የክብሪት ቀፎ አወጣሁ።

በደርግ ዘመን፣ በኬሚስትሪ ተመርቄ ሆሳዕና ሳስተምር፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ መድፍ ቆሞ ነበር። ለአብዮት በዓል እንዲታደስ ታዘዘና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ካድሬው ቀይ እንዲሆን ፈልጎ ነበር።

«ጓድ፣ የጠላት ምርኮ እኮ ነው» አልኩት። «በአብዮቱ ቀለም ብንቀባው የእኛ አይመስልም?»

ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው የራሱን ቀለም ፈልግለት፤ ብቻ ለበዓሉ ይድረስ» ብሎኝ ሄደ።

የራሱን ቀለም አውቃለሁ የሚሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ አቶ ኤርጊቾ። በወጣትነታቸው ጣሊያኖች ይህንኑ መድፍ ከሾኔ ጀምሮ በጭቃ ውስጥ በገመድ አስጎትተዋቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው መንኮራኩሩ ሥር ወድቆ የሞተው በዚያ መንገድ ላይ ነው። የሻይ ቤቱ ሰዎች ግን መድፉ በኋላ ከሌላ አገር በመኪና የመጣ ነው እያሉ ይከራከሯቸው ነበር።

«ጋሻው፣ ይሄ ከፊቱ የቆመው ሰፊ ብረት፣ እንደ አመድ ግራጫ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «ወንድሜን ስናወጣው ፊቴ እሱ ላይ ተለጥፎ ነበር። እንዴት ይጠፋኛል?»

ዝናቡ ረገብ በሚልባቸው ረፋዶች ምላጭና ነጭ ጋዝ ይዤ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ይንጠባጠባል፤ ከመናኸሪያው የሚመጣው መንገድ ጫማ ይውጣል። አቶ ኤርጊቾ ትኩስ ቆጮ በአይብ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያመጡልኝና ምላጩን እያዩ አጠገቤ ይቆማሉ። ላይኛው አረንጓዴ ቀለም ተፋቀ፤ ከሥሩ ቢጫ ወጣ፤ ከቢጫው ሥር ዝገት። «በቃ፣ ቢጫ ነው!» ብዬ አወጅኩ። አንድ ቦታ ብቻ ፍቆ መፍረድ ለተማሪዎቼ የምከለክለው ስሕተት ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሻይ ቤት ደረሰ።

«ኤርጊቾ፣ ሌላ መድፍ ነው ለካ የጎተትከው!»

«ተወው፣ ያኔ ዓይኑን ጭቃ ሞልቶት ይሆናል።»

አቶ ኤርጊቾ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። በማግስቱ ቆጮ አልመጣም።

ሦስተኛው ቀን ላይ የትይዩው ባለሱቅ አቶ ሸምሱ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና መድፉን አይተው ሳቁ።

«መምህር፣ ይሄ እኮ የእኔ ሱቅ በር ነው!»

«እንዴት?»

«ድሮ ሹም ሊመጣ ነው ተብሎ ከተማው ሲቀባ ከሱቄ በር የተረፈውን ቀለም ለመድፉ እኔው ነኝ የሰጠሁት። ካላመንክ ና እይ።»

ከበሩ ማጠፊያ ጀርባ ጫርኩና ከመድፉ ቀለም ጋር አስተያየሁት። ያው ቢጫ ነበር። ተመልሼ የባለሱቁ ቀለም ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ ፈለግሁ፤ ከጋሻው ጀርባ፣ ከብሎኖቹ ሥር፣ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ግራጫ አገኘሁ። አቶ ኤርጊቾን ጠራኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት።

«አላልኩህም?» አሉ ቀስ ብለው።

አቶ ሸምሱ ወደ ሻይ ቤቱ ዞረው፣ «ኑ እዩ እንጂ! አፋችሁ የት ገባ?» ብለው ጮኹ።

ያን ቀን ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ግራጫው ስስ ነው፤ ብረት ከዋናው ቀለም በፊት የዝገት መከላከያ ቅብ ይቀባል፣ ያም ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው። ከአንዱ ብሎን ሥር ደግሞ በግራጫው ላይ ቡናማ አረንጓዴ ቅንጣት አይቻለሁ፤ ዋናው ቀለም እሱ ሊሆን ይችላል። ቅንጣቷን በክብሪት ቀፎ ከትቼ መድፉን ግራጫ ቀባሁት። በበዓሉ ቀን አቶ ኤርጊቾ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጋሻው ላይ አሳርፈው ቆሙ፤ ማንም አልቀለደባቸውም። ቆጮውም ተመለሰ።

ወጣቷ ቅንጣቷን በስልኳ አጉልታ አየች። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። አቶ ኤርጊቾ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የማስቀይመው ሰው የለም። ሆኖም ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ እጄ የክብሪቱን ቀፎ ለመዝጋት ቸኮለ። መጀመሪያ ያፈጠንኩት ፍርድ አንድ ሰው አዋርዷል፤ ቀጥሎ ዝም ያልኩት ከዚያ ተምሬ ይሁን ፈርቼ እስካሁን አልለየሁትም።

ያልተፈታው ይህ ነው፦ ግራጫው የመድፉ ቀለም ይሁን የመጀመሪያ ቅቡ አልታወቀም፤ ቡናማ አረንጓዴው መቼ እንደተቀባም አልታወቀም።